ጥፋቱ የእጅ ነው ወይስ የስልክ? የፒያኖ ቅጂ ለምትለዋወጡ

በትርፍ ጊዜያቸው ፒያኖ የሚጫወቱ ሰዎች ቅጂ ሲለዋወጡ የሚሰጡት አስተያየት ብዙውን ጊዜ ከእጅ ይልቅ ስልክን የሚመለከት ሆኖ ይገኛል። «ግራ እጅህ አይሰማም»፣ «ለስላሳውም ጠንካራውም አንድ ነው»፣ «ፔዳል በዝቷል»፣ «ድምፁ ይሰነጠቃል»። አራቱም ከተጫዋቹ ሊመጡ ይችላሉ፤ አራቱም ግን ከስልኩ፣ ከክፍሉ ወይም ከአድማጩ ስፒከር ሊመጡ ይችላሉ። ልዩነቱን የሚነግረው ሰው ያጣ ጀማሪ ደህና የነበረ እጁን ለማቃናት ወር ሙሉ ይለፋል። ስለዚህ ቅጂ የምትልኩም ሆነ አስተያየት የምትሰጡ ሰዎች መጀመሪያ የመሣሪያውን ጥፋት ከእጅ ጥፋት መለየት አለባችሁ።

ከአድማጩ እንጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። የፒያኖ የመጨረሻው ዝቅተኛ ቁልፍ 27.5 ኸርዝ ነው፤ መካከለኛው ዶ 262 ኸርዝ ገደማ። አብዛኛው የስልክ ስፒከር ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ በወጉ አያወጣም። ግራ እጅ የሚውለው ደግሞ እዚያው ከመካከለኛው ዶ በታች ነው። በስልክ ስፒከር የሚያዳምጥ ሰው የዚያን ሰፈር ዋና ድምፅ ሳይሆን ከላዩ የሚከተሉትን ቀጫጭን ድምፆች ነው የሚሰማው። «ግራ እጅህ ደከመ» የሚለው አስተያየት ከሁሉ የበዛውም፣ ከሁሉ የተሳሳተውም ለዚህ ነው። ኢርፎን ሳታደርጉ ስለ ግራ እጅ አንድ ቃል አትጻፉ። ብሉቱዝም ቢሆን ለማዳመጥ ይበቃል፤ ለመጫወት ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም ድምፁ ከጣት ዘግይቶ ስለሚመጣ ምቱን ያዛባል።

ስልኩን የት ላድርገው?

ከፒያኖው ላይ አታስቀምጡት። ኖታ ማስደገፊያው ላይም ሆነ ክዳኑ ላይ የተቀመጠ ስልክ የእንጨቱን ንዝረት በአካሉ ይቀበላል፤ በቅጂው ውስጥ ከሙዚቃው ጎን ለጎን «ድብ፣ ድብ» የሚል የቁልፍ ድምፅ ይገባል። ስታንድ ከሌላችሁ ወንበር ላይ መጻሕፍት ደርድሩና ከላይ አንድ የታጠፈ ጨርቅ ጣል አድርጉ። ለአፕራይት (ቀጥ ብሎ ለሚቆመው) ፒያኖ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ርቀት፣ ከተጫዋቹ ቀኝ ትከሻ ኋላ ሰያፍ፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ቁመት (1.2 ሜትር ገደማ) ጥሩ መነሻ ነው። የላይኛውን ክዳን ክፈቱት። የአፕራይት የድምፅ ሰሌዳ ከጀርባው ስለሆነ ከግድግዳ የተለጠፈውን ፒያኖ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ሳቡት፤ ዝቅተኛዎቹ ድምፆች ከመድፈንፈን ይወጣሉ። ግራንድ ፒያኖ የሚያገኝ ዕድለኛ ደግሞ ክዳኑን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ፣ በሚከፈትበት ጎን 2 ሜትር ያህል ርቆ፣ ስልኩን 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ያድርግ።

ቀጥሎ ክፍሉ። የሲሚንቶ ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ያለው ሳሎን ድምፅን መልሶ መላልሶ ይወረውራል። መሃል ቆማችሁ አንዴ ብቻ አጨብጭቡ፤ ከጭብጨባው ኋላ «ዝንን» የሚል ጭራ ከተከተለ ክፍሉ ባዶ ነው። መጋረጃውን ዝጉ፣ ከስልኩ ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ስቀሉ፣ ምንጣፍ ካለ ከፒያኖው ሥር አንጥፉ። ያም ካልበቃ ስልኩን ወደ 1 ሜትር አስጠጉት።

«ፔዳል በዝቷል» ለተባለ ሰው አንድ ፈተና አለ። ያንኑ 8 ባር ሁለት ጊዜ ይቅረጽ፤ አንዱን እንደ ልማዱ፣ ሌላውን እግሩን ከፔዳሉ ጨርሶ አንስቶ። ያለ ፔዳል የተቀረጸውም ድምፁ እርስ በርሱ ከተደባለቀ ጥፋቱ የክፍሉ ነው፤ ጥርት ካለ ግን ወደ እግር እንሄዳለን። የእግሩ ስሕተት ብዙ ጊዜ ፔዳሉን ከኮርዱ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መቀየር ነው። ጣት አዲሱን ኮርድ ሲመታ እግር ይነሳል፣ የቀድሞው ድምፅ ሲጠፋ ወዲያው ይመለሳል። በዝግታ፣ ግራ እጅን ብቻ ይዞ፣ ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጎ መለማመድ ይበቃል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው፣ ወደ ድምፅ መጠን። የስልክ ካሜራ ድምፅን በራሱ ከፍ ዝቅ የማድረግ ልማድ አለው። ለስላሳውን ቦታ ያነሳዋል፣ ጠንካራውን ይጫነዋል፤ ተጫዋቹ በጥንቃቄ የሠራው ልዩነት ሁሉ ሜዳ ይሆናል። «ለስላሳውም ጠንካራውም አንድ ነው» ከማለታችሁ በፊት ላኪው በምን እንደቀረጸ ጠይቁ። መፍትሔው የድምፅ መጠን በእጅ ማስተካከል በሚፈቅድ የመቅረጫ መተግበሪያ ወይም በትንሽ የእጅ መቅረጫ ድምፁን ለብቻ መቅዳት ነው። ከመጀመር በፊት የሥራውን ከሁሉ ጠንካራ ባር ተጫወቱ፤ መለኪያው ከ−12 እስከ −6 ዴሲቤል መካከል ይድረስ። 0ን የነካ ድምፅ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በኋላም የሚጠግነው የለም። −6 ላይ የምናቆመው በቀረጻ ጊዜ ሰው ከልምምዱ ይልቅ ጠንክሮ ስለሚመታ ነው፤ ልብ ሲመታ ክንድም ይከብዳል። በአይፎን ቮይስ ሜሞስ የምትቀዱ በሴቲንግ ውስጥ ኦዲዮ ኳሊቲን «ሎስለስ» (ጥራት ሳይቀነስ) ላይ አድርጉ። ካሜራ ብቻ ካላችሁ ግማሽ ሜትር ራቁና ከቅጂው ጋር «በስልክ ካሜራ የተቀረጸ» ብላችሁ ጻፉ። ያቺ አንዲት መስመር ብዙ የከንቱ ምክር ታስቀራለች።

ስለ ቅኝት አጭር ነገር። እንጨት በክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ በበጋ ይደርቃል፤ ፒያኖውም ከእርሱ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ዝናቡ ባቆመ ማግስት ቃኚ መጥራት ገንዘብ ማባከን ነው፤ እንጨቱ እስኪረጋጋ ጥቂት ሳምንታት ይጠበቅ። ከመሃል ወደ ላይ ያሉት ቁልፎች እያንዳንዳቸው ሦስት ሽቦ አላቸው። ብዙ ጊዜ «ፒያኖው ወጥቷል» የሚያሰኘው ከሦስቱ የአንዱ መላላት ነው፤ አንዲት ኖታ ብቻዋን ትንቀጠቀጣለች። ቃኚ ካልተገኘ ያቺን ኖታ የማይደጋግም ሥራ ምረጡ። አድማጮች ደግሞ ስለዚህ ባትናገሩ ይሻላል፤ ባለቤቱ ከእናንተ በፊት ሰምቶታል።

ዲጂታል ፒያኖ ላላችሁ

የእናንተ ዕድል ሰፊ ነው፤ በእኩለ ሌሊት፣ ጎረቤት ሳይነቃ፣ ከውጭ አንድም ድምፅ ሳይገባ መቅረጽ ትችላላችሁ፤ ግን በገመድ ከሆነ ነው። ስልክ ፊት ለፊት አድርጎ ከፒያኖው ስፒከር መቅረጽ የፕላስቲኩን የቁልፍ ድምፅ «ኳ ኳ» እያደረገ ይቀላቅላል።

ገመዱን ከመግዛታችሁ በፊት የፒያኖውን ጀርባ ተመልከቱ። እንደ ሮላንድ ኤፍፒ-30ኤክስ ያሉት በዩኤስቢ ገመድ ብቻ ድምፁን ራሱን ወደ ኮምፒውተር ይልካሉ። ያማሃ ፒ-45 ግን በዩኤስቢው የሚልከው ሚዲ ብቻ ነው፤ ማለትም የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተመታ ይናገራል እንጂ ድምፅ የለውም። «ገመዱን ሰካሁ፣ ምንም አይሰማም» የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ መልሱ ይኸው ነው። ለእንዲህ ያለው ፒያኖ የኢርፎኑን ቀዳዳ (6.3 ሚሊ ሜትር፣ ወፍራሙ ጃክ) መጠቀም ነው፤ ከአንድ ስቴሪዮ ጃክ ወደ ሁለት ሞኖ ጃክ የሚከፈል ገመድ፣ ከዚያ ሁለት መግቢያ ያለው ውጫዊ ሳውንድ ካርድ። የፒያኖውን ድምፅ ከግማሽ ትንሽ ከፍ አድርጉና ቀሪውን በሳውንድ ካርዱ አስተካክሉ። ከኢርፎን ቀዳዳ ወደ ስልክ ማይክ ቀዳዳ በቀጥታ መሰካት አይሠራም። የስልኩ መግቢያ ለማይክ ደካማ ድምፅ የተሠራ፣ ያውም ሞኖ ስለሆነ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ግራና ቀኙም ይጨፈለቃል።

በገመድ ስትቀዱ «ሁምምም» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ከገባ መጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ሞክሩ። አብዛኛው በዚህ ይጠፋል፤ ፒያኖውና ላፕቶፑ በሁለት የተለያየ መንገድ ከአንድ መብራት መስመር ጋር ሲገናኙ የሚፈጠር ነው። የፒያኖውን ውስጣዊ ሪቨርብ (የአዳራሽ ማስተጋባት የሚጨምረውን) ደግሞ ከትንሹ አዳራሽ አታሳልፉት። ትልቁ በኢርፎን ለተጫዋቹ ያምራል፤ ለአድማጭ ግን ፔዳል የበዛበት ይመስላል፣ ከዚያ እንደገና ወደ እግር ክርክር እንገባለን።

ቪዲዮውን በስልክ፣ ድምፁን በገመድ የምትቀዱ ሁለቱን በኋላ የምታገጣጥሙበት አንድ አጭር ምልክት ከመጀመር በፊት ቅዱ፤ ምልክቱ በሁለቱም መግባት አለበት። ገመድ ጭብጨባ ስለማይሰማ በምትኩ አንዲት ቁልፍ በአጭሩ ምቱ፣ ጣታችሁም በካሜራው ይታይ፤ ስልኩም ቢያንስ የቁልፉን ድምፅ ይይዛል። በማቀናበሪያው ላይ ሁለቱን ሹል መስመሮች አገጣጥሙና የስልኩን ድምፅ ዝጉ። የድምፁን መጠነ ናሙና (ሳምፕል ሬት፣ ድምፁ በሰኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) ከመጀመሪያው 48,000 ላይ አድርጉት፤ ቪዲዮ በተለምዶ የሚሠራው በእሱ ነው። በ44,100 የተቀዳ ድምፅ በስሕተት እንደ 48,000 ከተነበበ ፍጥነቱም ከፍታውም ይጨምራል፣ አንድ ተኩል ሴሚቶን ገደማ። በዶ የጀመራችሁት ሥራ በዶ ዲየዝና በሬ መካከል ከተገኘ ፒያኖውን አትጠርጥሩ።

የቀረው ዝርዝር ቀላል ነው፦ ስልኩ ኤርፕሌን ሞድ ላይ፣ የኩሽናው በር ዝግ፣ ፍሪጁ ለጊዜው ከመብራት የተነቀለ (መልሳችሁ መሰካት እንዳትረሱ)፣ ውሻው ከግቢው ማዶ። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በሐምሌ ከሰዓት በኋላ መቅረጽ አይታሰብም። አይፎን በ1080 ጥራት በ30 ፍሬም ሲቀርጽ፣ በአዲሱ የመጨመቂያ ዘዴ በደቂቃ 60 ሜጋባይት ገደማ፣ በድሮው 130 ገደማ ይወስዳል፤ ሦስት ጊዜ ሙሉ ሥራ ለመቅረጽ ቦታ መኖሩን ቀድማችሁ እዩ።

መጫወቱ

ለማቅረብ የሚመረጠው ሥራ አሁን እየተማራችሁት ያለው አይደለም። ከችሎታችሁ በአንድ ደረጃ ዝቅ ያለ፣ ቢያንስ ሁለት ወር በእጃችሁ የቆየ፣ መሃል ላይ አንድ ሁለት ሳምንት ተትቶ እንደገና የተነሳ ይሁን። ተትቶ የተመለሰ ሥራ ውስጥ የትኛው ቦታ በእውቀት፣ የትኛው በጣት ልማድ ብቻ እንደቆመ ይታወቃል። በልማድ ብቻ የቆመው በቀረጻ ጊዜ ይወድቃል።

ለዚህ መድኃኒቱ መነሻ ቦታዎች ማዘጋጀት ነው። በየ8 ባሩ ወይም በየሐረጉ መጀመሪያ ላይ እርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ከየትኛውም ምልክት፣ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየተመለሳችሁ፣ መነሳት ቻሉ። በቀረጻ መሃል እጅ ቢጠፋ ወደሚቀጥለው ምልክት ዘላችሁ ትቀጥላላችሁ፤ ወደ ኋላ አትመለሱም። ወደ ኋላ የተመለሰን ስሕተት ሁሉም ሰው ይሰማል፣ ወደ ፊት የተዘለለውን ግን ኖታው ፊቱ ያለ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።

ቴምፖውን ዝቅ አድርጉ። በልምምድ በ100 የምትችሉትን በ92 ቅረጹት፤ ሰው ሲጨነቅ ይፈጥናል፣ 92 ብላችሁ ጀምራችሁ 96 ላይ ትጨርሳላችሁ። ከመጀመር በፊት ደግሞ የሥራውን መጀመሪያ ሳይሆን ከሁሉ አስቸጋሪውን ሁለት ባር በልባችሁ ዘምሩ፤ ያ ቦታ በሚፈቅደው ፍጥነት ጀምሩ። ቀላል መግቢያ ያለው ሥራ ሁሉ በፍጥነት የሚበላሸው ይህ ስለማይደረግ ነው።

በአንድ ቁጭታ ከሦስት ሙሉ ቀረጻ አትለፉ፤ በመካከላቸው 5 ደቂቃ ተነሱ፣ ውኃ ጠጡ። ከሦስተኛው በኋላ ጆሮ ሙዚቃውን መከተል ትቶ ቀድሞ የተሳሳተበትን ቦታ ይጠብቃል፤ ያ ቦታ ይስተካከልና ደህና የነበረው ሌላ ቦታ ይፈርሳል። አሥርና አሥራ አምስት ጊዜ የሚቀርጹ ሰዎች መጨረሻ ላይ የሚልኩት አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ነው። ከመጀመሪያው ኖታ በፊት ሦስት ሰኮንድ ዝም በሉ። ሲጨርሱም እንዲሁ፦ ፔዳሉ ተይዞ ድምፁ እስኪሞት እጅ ከቁልፉ አይነሳ። ስልኩን ለማጥፋት የሚወረወር እጅ ስንት ጥሩ ፍጻሜ እንደቆረጠ!

የትኛውን እንደምትልኩ በማግስቱ ወስኑ። መጀመሪያ ያለ ቪዲዮና ያለ ኖታ አዳምጡ፣ ከዚያ ነው ኖታ ይዛችሁ። ስሕተት ያነሰበትን ሳይሆን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆራረጥ የሄደውን ምረጡ። ከተለያየ ቀረጻ እየቆረጡ መስፋት በዚህ ዓይነት ልውውጥ ውስጥ ባይለመድ ይመረጣል፤ ሌላው ጀማሪ ያንን ሰምቶ ራሱን ከሌለ ሰው ጋር ያወዳድራል።

መላክ

በቴሌግራም ስትልኩ ከጋለሪ አትምረጡ፤ «ፋይል» በሚለው በኩል ላኩት። ከጋለሪ የተላከ ቪዲዮ ይጨመቃል፤ በድምፅ መልእክት (የማይኩን ምልክት ተጭኖ) የተላከ ፒያኖ ደግሞ ለንግግር በተሠራ መንገድ ስለሚያልፍ የኖታው ጭራ ይበላል። በፋይል ከሆነ እስከ 2 ጊጋባይት ሳይነካ ይደርሳል። ዳታ ለሚቆጥር ሰው ድምፁን ብቻ በ320 ኪሎቢት ኤምፒ3 አድርጎ መላክ ጥሩ ስምምነት ነው፤ 5 ደቂቃ ሥራ 12 ሜጋባይት ይሆናል። ያልተጨመቀው ዋቭ በ48,000ና በ24 ቢት 86 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ እሱን ለራሳችሁ አስቀምጡት።

ማቀናበር ካማራችሁ ጫፍና ጫፉን ቁረጡ፣ ከፍተኛውን ነጥብ −1 ዴሲቤል አድርሱ፣ እዚያ ላይ አቁሙ። የጫጫታ ማጥፊያ (ኦዳሲቲ ውስጥ ያለው ዓይነት) በኃይል ሲሠራ የፒያኖውን ድምፅ ከውኃ ውስጥ የመጣ ያስመስለዋል። ትንሽ የፍሪጅ ድምፅ ይሻላል።

ከቅጂው ጋር የሚጻፈው፦ የሥራው ስም፣ ደራሲው፣ መሣሪያው፣ በምን እንደተቀረጸ፣ እና ምን ዓይነት አስተያየት እንደምትፈልጉ። የመጨረሻው ዋናው ነው። «ለመስማት ብቻ»፣ «አንድ ነገር ንገሩኝ» ወይም «ሁሉንም ንገሩኝ» ከሚሉት አንዱን ጻፉ። «ይቅርታ፣ ብዙ ተሳስቻለሁ» ግን አትጻፉ። አድማጩን ስሕተት ፈላጊ አድርጎ የሚያስቀምጠው ያ ዓረፍተ ነገር ነው።

አስተያየቱ

እኛ ዘንድ ትልቁ እንቅፋት ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ያለበት ሰው «ዋው! በርቺ! እጅሽ ይባረክ!» ይልና ያልፋል። ምርቃቱ ደግ ነው፣ መቅረትም የለበትም፤ ግን ሰውየው ሥራውን መስማት አለመስማቱን አይናገርም። ይሉኝታውን የጣለው ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል፦ «ቆንጆ ነው ግን ቴምፖው ይዋዥቃል፣ ፔዳሉም በዝቷል፣ ሁለተኛው ገጽ ላይም ተሳስተሻል።» ሦስት ጥፋት፣ አንድም ትክክለኛ ቦታ አልተጠቀሰም። ይህን ያነበበች ልጅ ፒያኖው ፊት ስትቀመጥ ከየት እንደምትጀምር አታውቅም።

የሚጠቅመው ይህን ይመስላል፦ «በኢርፎን ሰማሁት። 0፡48 ላይ ዜማው ወደ ግራ እጅ ሲዞር ቀኝሽን ዝቅ ስላደረግሽው ጥርት ብሎ ወጣ። 1፡52 ላይ የዘገየሽው አስበሽበት ነው ወይስ ጣት መቀየሪያው አስቸግሮሽ? እኔ እዚያ ጋ 4ኛውን ጣት ትቼ በ3ኛው ነው የምሻገረው።» ደቂቃና ሰኮንድ አለው፣ የተሠራው ነገር በምን ምክንያት እንዳማረ ተናግሯል፣ የጠረጠረውን በጥያቄ አቅርቧል፣ የሚሞከር ነገርም ሰጥቷል። ምናልባት ዝግታው ኖታው ላይ የተጻፈ ይሆናል፤ ጥያቄው ለዚያ ቦታ ትቷል። «አስበሽበት ነው ወይስ?» የምትለዋ አነጋገር ከሁሉም ምክሬ ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ፒያኖ የጀመሩ ሰዎች በብዙ ስብስብ ውስጥ አሉ፤ ወጣቶቹ በአክብሮት ብዛት ምንም ተጨባጭ ነገር አይነግሯቸውም። ያ ደግሞ ከልውውጡ ማስወጣት ነው። አንቱታው ሳይነካ ዝርዝሩ ሊነገር ይችላል፦ «ጋሼ፣ 2፡05 ላይ ያቺን ኮርድ ያቆዩበት ጊዜ በጣም ነው ያማረኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ላይ ክንድዎ ይደክማል? የእጅ አንጓዎ ከፍ ብሎ አየሁት።» ክንድና አንጓን በተመለከተ ቪዲዮ ከድምፅ ይበልጣል። ሕመም አለ የሚል ተጫዋች ካጋጠማችሁ ስለ ሙዚቃው ማውራት ትታችሁ እንዲያርፍ ንገሩት።

ተቀባዩ ለእያንዳንዱ አስተያየት መከራከሪያ ማቅረብ የለበትም። አመስግኖ፣ አንዱን መርጦ፣ በሚቀጥለው ዙር ሞክሬዋለሁ ቢል ሰጪው ያኔ ይበረታል።

በኢትዮጵያ የዜማ ቅኝቶች የሚጫወቱ ሰዎች ለብቻቸው መታየት አለባቸው። ትዝታን ወይም ባቲን በፒያኖ የሚያቀርብ ሰው ምቱን በድምፃዊ ትንፋሽ ልክ ያስረዝማል፣ ያሳጥራል። መነኩሲቷን የፒያኖ ደራሲ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን የሰማ ሰው ሜትሮኖም አብርቶ እንደማይከተላቸው ያውቃል። እንዲህ ያለውን ቅጂ «ቴምፖው ይዋዥቃል» ብሎ መተቸት የዘርፉን ጠባይ አለማወቅ ነው። የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ሐረጉ የት ነው የሚተነፍሰው? ጌጡ (ከዋናው ኖታ በፊት የምትጣለዋ አጭር ኖታ) ከዋናው ጋር ተጣብቆ ጭቃ ሆኗል ወይስ ተለይቶ ይሰማል? ግራ እጅ በአውሮፓ ኮርድ ሲሞላ አምስቱን የቅኝት ድምፆች ሸፍኗቸዋል? ለአንቺሆዬ የመጨረሻው ጥያቄ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ግማሽ ድምፆቹ በኮርድ መሃል በቀላሉ ይጠፋሉ።

ለአዘጋጅ

በየሦስት ወሩ አንድ ዙር ይበቃል። በየወሩ ያደረጉት ሥራው ሳይበስል ይልካሉ፣ አድማጩም ይሰለቻል። ለአንድ ሰው አንድ ሥራ፣ ከ5 ደቂቃ ያልበለጠ፤ 12 ሰው ካለ አንድ ሰዓት ነው፣ ከዚያ በላይ በትኩረት የሚሰማ የለም። ቅደም ተከተሉን በችሎታ አትደርድሩት፤ ደካማው መጀመሪያ ከወጣ ሁሉም ያውቀዋል። ፈጣኑን ከዝግተኛው፣ ዲጂታሉን ከአኩስቲኩ እያፈራረቃችሁ አስገቡ። ለእያንዳንዱ አቅራቢ ሁለት አድማጭ ቀድማችሁ መድቡ፤ አለበለዚያ ታዋቂው 20 አስተያየት ያገኛል፣ አዲሱ ሰው ዜሮ። አንዴ ዜሮ ያገኘ ሰው ሁለተኛ አይልክም። ልጆች ካሉ ወላጅ ይፍቀድ፣ ዩኒፎርምና የትምህርት ቤት ስምም አይታይ።

የማስረከቢያ ሰዓት ስትጽፉ ተጠንቀቁ። «እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት» አዲስ አበባ ላለ ሰው ግልጽ ነው፤ ዋሽንግተን ያለው ግን በፈረንጅ 2 ሰዓት ሊለው ይችላል። በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለት በዋሽንግተን በበጋቸው ከቀኑ 1፡00 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ በክረምታቸው 12፡00። ሪያድ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው፣ ዱባይ አንድ ሰዓት ይቀድማል፤ እስራኤል በበጋቸው እኩል፣ በክረምታቸው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ፣ ቀኑንም እንዲሁ። መብራትና ኔትወርክ ስለማይታመን ከማስረከቢያው በኋላ አንድ ቀን መጠባበቂያ ያዙ፣ ግን አታውጁት።

በዙም በቀጥታ መጫወት የምትፈልጉ «ኦሪጅናል ሳውንድ ፎር ሙዚሺያንስ» የሚለውን ካላበራችሁ ፕሮግራሙ የተያዘውን ኖታ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያጠፋዋል። ሁለት ሰው በሁለት ከተማ ሆኖ አብሮ መጫወት ግን በዙም አይሆንም፤ ድምፁ ተዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

ቅጂውን በዩቲዩብ ለሁሉም የምትለቁ የመብቱን ነገር እወቁ። ባኽ እ.ኤ.አ. በ1750፣ ሾፓን በ1849 ስለሞቱ ድርሰታቸው ነፃ ነው። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ነው ያረፉት፤ በኢትዮጵያ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም.) የደራሲ የኢኮኖሚ መብት ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 70። በይፋ ከመልቀቅ በፊት የመብቱ ባለቤቶች ፈቃድ ያስፈልጋል። ነፃ በሆነ ድርሰት ላይም ቢሆን የዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ (ቅጂዎችን በራሱ የሚያመሳክረው ሥርዓት) የእናንተን አጨዋወት ከአንድ ኩባንያ ቅጂ ጋር አምታቶ ክሌይም (የባለቤትነት ጥያቄ) ሊያመጣ ይችላል። አትደንግጡ፤ ክሌይም ከስትራይክ (በቻናሉ ላይ ከሚመዘገብ የቅጣት ማስጠንቀቂያ) የተለየ ነው፣ ቻናሉን አይጎዳም። «ዲስፒዩት» የሚለውን ተጭናችሁ ድርሰቱ ነፃ መሆኑን፣ የተጫወታችሁትም ራሳችሁ መሆናችሁን ጻፉ። ከሳሹ ለመመለስ 30 ቀን አለው፤ ዝም ካለ ክሌይሙ ይነሳል። ያን ጊዜ ያልተቆረጠው ዋቭ ፋይልና እጃችሁ የሚታይበት ቪዲዮ በእጃችሁ ይኑር።